ዓይን ለዓይን ካልተያዩ

ፍኖተ ሰላም የዞን ከተማ ከሆነች በኋላ አንዲት ሴትዮ ባሏን ፈትታ ከአዲስ አበባ መጣችና አጠገባችን ቤት ገዛች። መኪናዋን የምታሳድርበት ጋራዥ በሪሞት የሚከፈት በር ነበረው፤ አሮጌውን የበሩን ሞተር ከዚያው ይዛው ነው የመጣችው። መልከ መልካም ናት ይሏታል። እኔስ እንዲያው ደህና ናት ባይ ነኝ።

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ መምህር ነበር። አንድ ቅዳሜ «የእሳቸው በር አልዘጋ ብሏል፤ ሞተሩ ላይ ያለው አምፖልም ብልጭ ድርግም ይላል» ብሎ ፒንሳውን ይዞ ሄደ። አምፖሉን ቀየረላት። በሳምንቱ ደግሞ የላላ ሽቦ አጠበቀላት። ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰና «የእሷ መብራት እኮ ዛሬም አስቸግሯል» አለኝ። እሳቸው እሷ ሆኑ! እኔን እንኳ ሽማግሌ ልኮ እስኪያገባኝ «እርስዎ» ይለኝ የነበረ ሰው። ደሜ ፈላ።

ለምሳ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። «ደረስንበት» አለ። ደረስንበት! «ለካ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ የዓይን ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ ታች ላይ ጨረር የሚላላኩ ትንንሽ ዓይኖች አሉ። ዓይን ለዓይን ካልተያዩ በሩ አይዘጋም።»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ወርቁ ሳይፈለግ አይታለፍም።

«እና ተያያችሁ?» አልኩት።

«ገና ነን። ግራውን ጋሪ ገጭቶት ዞሯል፤ ከሰዓት እናቀናዋለን።»

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኩት። እሱ በግራ በኩል ተንበርክኮ ዓይኑን ያዞራል፤ እሷ በቀኝ በኩል ተንበርክካ የሌላውን አቧራ በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች። በየዓይኑ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል መብራት አለች። የቀኟ ቀጥ ብላ በርታለች፤ የግራዋ ትንቀጠቀጣለች።

«አሁንስ?» ትለዋለች።

«ትንሽ ቀረን» ይላታል። በዚያ ድምፅ እኔን ያናገረኝ መቼ እንደሆነ ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ።

መብራቷ ረጋች። ሁለቱም እኩል ሳቁ። ከዚያ በሩን ዘግተው ሊሞክሩት ወደ ውስጥ ገቡ። ሁለቱ ብቻ፣ ዘግተው! ሮጬ ደፉ ላይ ቆምኩ።

ሪሞቱን ተጫነች። በሩ መውረድ ጀመረና እኔ ላይ ሳይደርስ ተመልሶ ወጣ፤ አምፖሉም ያንኑ ብልጭ ድርግሙን ጀመረ። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ በመጨረሻ ቀሚሴን አየ።

«አንቺ ነሽ እኮ የከለልሽው! መሃላቸው ቆመሻል።»

«እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» አለችኝ እሷ። እኩያዬ ናት።

«እዚሁ ይመቸኛል» አልኩና ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩ።