የጋቢዬ ክርና የበዓሉ ዓሦች

ጋቢህን ዓሣ ገንዳ ውስጥ አጥበሃል ተብዬ ከሥራዬ ተነሣሁ። አላጠብኩም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከናዝሬት ወጣ ብሎ አዋሽ ዳር ባለ አንድ መዝናኛ የቆሮሶ ዓሣ ገንዳ እጠብቅ ነበር። ለአብዮቱ በዓል ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ በላስቲክ ከረጢት ጌጠኛ ዓሦች አመጣ። ቀያይ ናቸው፤ ለበዓሉ ተስማሙ።

«ለብቻቸው ይሁኑ» ብዬ ብነግረው፣ «ጓድ፣ ዓሣንም በመደብ ትከፍላለህ?» አለና ከቆሮሶዎቼ ጋር ለቀቃቸው። ሰዉ አጨበጨበ። ለዓሣ ሲጨበጨብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወር ሳይሞላ የቆሮሶዎቹ ጎን ላይ ነጭ ክር ተንጠለጠለ። ዓሦቹ ከስተው ከገንዳው ግድግዳ ጋር ይታከኩ ጀመር። አንድ ረቡዕ ዓሣ ያዘዙ አዛውንት ሳህኑን አገላብጠው፣ «ልጄ፣ ይሄ ክር የጾም ነው የፍስክ?» ብለው መለሱት። ሥራ አስኪያጁ ሮጦ መጣ። ክሩን አየ፤ ጫፉ የተተረተረ ጋቢዬን አየ። በቃ፣ ፍርዱ አለቀ።

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩምና ጣቴን ቀለም ነክረው ማስጠንቀቂያ ላይ አስፈረሙኝ። ማስጠንቀቂያውን ያነበብኩት በኋላ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ነው፤ «ጋቢ» ሦስት ቦታ ተጽፏል። ወደ በር ጥበቃ ተዛወርኩ፤ ዓሦቼ እዚያ እየሞቱ እኔ መኪና አስገባለሁ።

በሠራተኞች ስብሰባ አንድ ቆሮሶ በባልዲ ይዤ ገባሁ። ክሩን በወረንጦ ሳብኩት፤ እምቢ አለ። ጭንቅላቱ እንደ መልሕቅ ሥጋው ውስጥ ተተክሎ ኖሯል፤ ደም ይዞ ወጣ።

«ጓዶች፣ ሥር የሚያወጣው የማን ጋቢ ነው?»

«ያ ረቢ! ይሄማ ትል ነው!» አለች ከነገሌ የመጣችው ወጥ ሠሪያችን።

«ታዲያ ከየት መጣ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከላስቲኩ ከረጢት» አልኩ።

የበዓል ዓሣ ማን ይከሳል? ጸሐፊው እንኳ ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

ቆሮሶው እያለቀ ምሳ ሲጠፋ ጊዜ የዓሣ ባለሙያ ተጠራ። ሰውየው መጀመሪያ ያወጣው አንዱን ቀይ ነው። ሆዱ ላይ ያው ትል ተሰክቷል። «ይዘውት የመጡት እነዚህ ናቸው» አለ።

«ጢማቸው አይደለም እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ጢም ሆድ ላይ ይበቅላል፣ ጓድ?»

ቀዮቹ ተወገዱ፤ ገንዳው ደርቆ በኖራ ታጠበ። ይቅርታ ያለኝ የለም፤ ከቆሮሶዎቼም የተረፉት ከግማሽ በታች ናቸው። ወደ ገንዳዬ የተመለስኩበት ደብዳቤ የወጣው በዓሉ ካለፈ ከሦስት ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን ነው።