ስንጥር እና ራሱን የሚለኩሰው ምድጃ

ቁልፍ ሠሪው በሩን ቆልፎ ሲያበቃ ገፋ አድርጎ ያያል። ከዚያ በደንብ መግፋቱን ስለሚጠራጠር እንደገና ይገፋል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር» የምትለዋ ተረት ከአፉ ስለማትጠፋ፣ የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ ጋሽ ስንጥር ይለዋል። እሱም አይቀየምም። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ቢተማመን ኖሮ እሱ በምን ይኖር ነበር? ዕድሜውን ያሳለፈው ሁለት ሰው ከቆመባት በምትሞላ ሱቅ ውስጥ፣ በሞረድ ብናኝ የጠቆሩ ጣቶቹን ወደ ብርሃን እያነሳ፣ የቁልፍ ጥርስ ሲያወጣ ነው። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ሲጠራው ይሄዳል፤ በሩን ከመንካቱ በፊት ግን «መጋረጃው ምን ዓይነት ነው? ወንበሩስ በየት በኩል ነው?» እያለ ባለቤቱን እንደ ሌባ ይመረምረዋል።

የሚስቱ ደረት መታመም ከጀመረ ወዲህ ግን ጭንቀቱ ከበር አልፎ ነበር። አሮጌው የእንጨት ምድጃ ቤቱን ከማሞቁ በፊት በጭስ ይሞላዋል። ሐኪሙም «ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ የብርዱን ወራት ባታሳልፊ ይሻላል» አላት። ሞቃት አገር የምትኖረው ልጃቸው ይህን ስትሰማ «እማዬ እኔ ጋ ትምጣ!» ብላ ያዘች። ሚስቱ በስልክ «ጭስ የሌለው ምድጃ እናስገባለን፤ እሱ ካልሆነ እመጣለሁ» ስትል ከበሩ ኋላ ሆኖ ሰማት። «እመጣለሁ» ስትል ድምፅዋ የደስታ አልነበረም? ብርዱ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ ልጇ ጋ የሄደች እናት ደግሞ መቼ ነው የምትመለሰው? በዚያው ጠረጠራት።

ምድጃ መሸጫ ሱቅ አብረው ሄዱ። ሻጯ ምላሷ እንደ ቅቤ የሚያሙለጨልጭ ወጣት ናት።

«ይሄኛው ምድጃ፣ አባቴ፣ በሰጋቱራ እንክብል ነው የሚሠራው። ራሱ ይለኩሳል፣ ራሱ ይመግባል፣ ራሱ ይጠፋል።»

«ራሱ ይሰርቃል በይኛ። እኔ ቤት ራሱን የሚያዝ ነገር አላስገባም፤ ራሷን የምታዝ አንዲት ሰው አለችኝ፣ ትበቃኛለች።»

ሚስቱ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። «ዝም በይው ልጄ፣ እሱ ጥላውንም መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ነው።»

ጋሽ ስንጥር ከምድጃው ጎን ካለው ከረጢት እፍኝ እንክብል አውጥቶ አየ። እንደ እርሳስ ቁራጭ ድቡልቡል፣ አጭር፣ አንጸባራቂ። ቀለም የተቀባ አሮጌ በር ፈጭተው ቢሆንስ? ውሃ በብርጭቆ አስመጣና ሁለት ጨመረበት። እንክብሎቹ ሰመጡ፤ ጥቂት ቆይተው አበጡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ፈረሱና ንጹሕ ሰጋቱራ ሆኑ። የተቆረጠ ዛፍ ሽታ ወጣ። ዛፍ ተፈጭቶ፣ በገዛ ሙጫው ተጣብቆ፣ እንደ እህል የሚሰፈር ሆኖ ሳለ ሽታውን አለመርሳቱ ጋሽ ስንጥርን ለአፍታ አስደነቀው። መደነቁንም ወዲያው ጠረጠረው።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለ፣ አገኘኋት ብሎ።

«ያኔ ይቆማል። አልዋሽዎትም።»

ይሄ ይባስ! እውነት የሚናገር ነጋዴ ምን ቢደብቅ ነው? ሚስቱ ደግሞ ሻጯ ያለችውን ሁሉ ራሷን እየነቀነቀች ታጸድቃለች። ምድጃው ተበላሽቶ ልጇ ጋ ለመሄድ ቸኩላ ይሆን? በመጨረሻ ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን ትቶ ትንሹን መረጠ። የመረጠበት ምክንያት የሚያውቀው ነገር ስለነበረ ነው፤ የምድጃው በር መወርወሪያ ሲዘጋ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ሐሜት የሌለበት ነበር።

ገጣጣሚው መጥቶ ግድግዳውን በሳው። «አንዷ ቱቦ ጭሱን ታወጣለች፣ ይቺኛዋ አየር ታስገባለች» ብሎ አስረዳ። ከዚህ ሁሉ ንግግር ጋሽ ስንጥር ጆሮ ውስጥ የቀረችው «ታስገባለች» የምትለዋ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያው ምሽት እንደ ተአምር አለፈ። እንክብሎቹ ከምድጃው ቋት ኮሽ፣ ኮሽ እያሉ ወረዱ፤ ከመስታወቱ ኋላ መጀመሪያ ቀይ ነጥብ፣ ቀጥሎ ቅጠል የምታክል ነበልባል ታየች። እሳት፣ ያለ ጭስ! ሚስቱ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች፤ አንዴም ሳትስል አመሸች።

ጋሽ ስንጥር ግን እሳቱን ሳይሆን ቀዳዳውን እያሰበ ነበር። ሌባ ባይገባበት ሽቦ ይገባበታል፤ ሽቦ የገባበት ቤት ደግሞ መስኮቱ ከውስጥ ይከፈታል። በማግስቱ ከሱቁ የነሐስ ክዳን ሠርቶ መጣ፤ አየር የምታስገባዋን ቱቦ አፍ በውጭ በኩል ከደነ፣ ማጠፊያ አበጀለት፣ ጓጉንቸር ሰቀለበት፣ ሳበው። በልቡም አደነቀው።

ከዚያ በኋላ ምድጃው ታመመ። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ተልፈሰፈሰ፣ መስታወቱ ጠቆረ፣ ቤቱ ጭስ ጭስ ሸተተ። ሚስቱ ሳለች። ምድጃውም ጢጥ፣ ጢጥ ብሎ ራሱን አጠፋ። ደጋግመው ቢለኩሱት ያው ነው። ጋሽ ስንጥር ስልኩን አንስቶ ሻጯ ላይ ጮኸባት።

«አየር ማስገቢያው ተዘግቶ እንዳይሆን አባቴ?»

«እዚህ ቤት የተዘጋ ነገር ችግር ሆኖ አያውቅም!» ብሎ ዘጋባት። ሁሉን ሲጠረጥር የኖረ ሰው አንድ የማይጠረጥረው ነገር ነበረው፤ የእጁን ሥራ።

ሚስቱ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። ይኸው! ከመጀመሪያውም አላልኩም? አለ በልቡ፤ ግን ማወቁ አላስደሰተውም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሷ የተሰጣውን ልብስ ልታነሳ ወደ ጓሮ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ! ና እስቲ ውጣ!»

ወጣ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጓጉንቸር ነው።»

«እሱንስ አየሁት። ማን ሊገባ ነው በዚህ? ድመት እንኳ ጢሟ አያልፍም!»

«ሽቦ...»

«መተንፈሻው እኮ ነው! እኔ ትንፋሽ ሲያጥር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ያ ምስኪን ምድጃ እንደኔው ነው ሲስል የሰነበተው። ቁልፉን አምጣ።»

ጋሽ ስንጥር እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ሐሳቡ እንደ ቁልፍ ጥርስ ቀስ ብሎ ቦታው ገባ። መሄድ ብትፈልግ ኖሮ ይህን አይታ ዝም ትል ነበር። ሻንጣው ተዘጋጅቷል፤ ምክንያቱም አለ፤ ማንም አይወቅሳትም። እሷ ግን ጠራችው። ይህን ማስረጃ ከላይም ከታችም ገልብጦ መረመረው፤ እንከን አጣበት።

ቁልፉን ሰጣት። ራሷ ከፈተችው። እሱ በክዳኑ ፋንታ ወንፊት ሽቦ ገጠመ፣ መስታወቱንም ወለወለ። እሳቱ እንደገና ሲነሳ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእንክብሎቹ ኮሽታ ብቻ ሆነ።

እሷ ሻንጣውን ወደ ቁም ሣጥኑ አስጠግታ ልብሱን እያወጣች ታስቀምጥ ጀመር። ቀሚስ፣ ሹራብ፣ የአንገት ልብስ። እሱ በር ላይ ቆሞ ያያል። ካፖርቷ ጋ ስትደርስ እዚያው ውስጥ ተወችውና ሻንጣውን ዘጋችው።

«ካፖርቱስ?» አለ።

«እሱ እዚያው ይቆይ» አለችው፣ ወደ ምድጃው እየሄደች። «የምትጠረጥረው ነገር ካጣህ ደግሞ አንተ ትታመምብኛለህ።»