እጃችንን ኪስ የከተትንበት ፕሮጀክት

ማቀድ እወዳለሁ። በሳምንቱ ቀናት ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ እዚሁ ተወልደው ላደጉ ልጆች አማርኛ። ለሁለቱም ሰንጠረዥ አለኝ፤ ሰማያዊው ለንባብ፣ ብርቱካናማው ለጽሑፍ፣ አረንጓዴው ለንግግር። የቅዳሜውን ክፍል አብራኝ የምትመራው አንጋፋ መምህርት አዲስ አበባ ሳለች ብዙ ዘመን ያስተማረች ናት፤ ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ሰንጠረዤን ባየች ቁጥር «ልክ እንደ ጥልፍ ያምራል» ትለኛለች፤ ከዚያ ቀጥላ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እንደገና እጀምራለሁ።

በዚያ የፈረንጅ ክረምት ስለ መጓጓዣ ልናስተምር ነበር። በሰንጠረዤ መጨረሻ ላይ «ልጆቹ ፖስተር ያቀርባሉ» የሚል ነበረበት።

«ፖስተሩን ማን ነው የሚፈልገው?» አለች እትዬ።

«ወላጆች ያዩታል።»

«ማየትማ ያያሉ። የሚፈልገው ማን ነው?»

በፕሮጀክት ማስተማር ሲባል ብዙ ሰው ካርቶንና ሙጫ ይታየዋል። ዋናው ነገር ግን ጥያቄው ነው። ልጆቹ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይይዛሉ፤ እሱን ለመመለስ ሲሉ ቃሉንም ፊደሉንም ይማራሉ። መልሱን የሚጠብቅ ሰው ካለ ልጁ የጻፈውን ሦስቴ ቢያስተካክል አይታክተውም። የሚጠብቅ ከሌለ የሚጽፈው ለእኔ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ መልሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ይህን በሥልጠና ላይ ሰምቼው ነበር። እትዬ ግን ማንም ሳያሠለጥናት ታውቀዋለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ጠየቅናቸው፤ በዙሪያችሁ የሆነ ቦታ መሄድ ፈልጎ መሄድ ያልቻለ ሰው አለ? መጀመሪያ ስለ ራሳቸው አወሩ። ሞል፣ ጓደኛ ቤት፣ ኳስ ሜዳ። ከዚያ አንዲት ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «አያቴ» አለች። «እህታቸው አሌክሳንድሪያ ናት። ሚካኤልን ታከብራለች። መሄድ ይፈልጋሉ፣ ባት አባዬ ኖ ይላል።»

ሁላችንም ወደ ኋላ ዞርን። ሁላችንም አባባ የምንላቸው አያትየው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። በየቅዳሜው የልጅ ልጃቸውን በእግር አምጥተው እስክንጨርስ እዚያው ይቀመጣሉ። በልጃቸው በኩል ወደዚህ አገር ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው ታላቅ እህታቸው ጉልበቷ ስለማይታዘዛት ከቤት አትወጣም፤ ግን በየወሩ በአሥራ ሁለት ቤቷ ጠበል ጸዲቅ አዘጋጅታ ጎረቤቶቿን ትጠራለች። ሚካኤል ደግሞ የልጃቸውን የእረፍት ቀን አይጠብቅም፤ አንድ ወር ማክሰኞ፣ አንድ ወር ሐሙስ ይውላል። ልጃቸው መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ፈቃድም እንደልብ አይገኝም።

«እኔ በሌለሁበት ዳቦው ሲቆረስ በስልክ እሰማለሁ» አሉ ፈገግ ብለው። «ሲታኘክ ሁሉ ይሰማኛል።»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ከሳቁ በኋላ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ሁለቴ አዞሩት።

በዚያው ሳምንት ከልጃቸው ጋር ተነጋገርን። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። «እንግሊዝኛ አይችሉ፣ የፈረንጁን ፊደል አያነቡ። አንዴ ከተሳሳቱ ማንን ይጠይቃሉ? ይጠፉብኛል» አለን። እትዬም «እንግዲያው እንዳይጠፉ ማድረግ የእኛ የቤት ሥራ ይሁን። ካልቻልን አንተ እንዳልከው ይሆናል» አለችው። እሱም በዚህ ተስማማ።

ጥያቄያችን ሰሌዳው ላይ ተጻፈ፤ አባባ ብቻቸውን ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እንዴት ይደርሳሉ? የመጋቢት ሚካኤል ቅዳሜ ላይ ስለሚውል ቀኑ ራሱ ተቆረጠልን። እኔም ሰንጠረዤን ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ሞላሁት። ከመጨረሻው ጀምሮ ማቀድ የዚህ አሠራር ግማሹ ነው፤ መድረሻህን ካወቅህ በመንገድህ የሚያስፈልግህን መገመት ትችላለህ።

ልጆቹ መጀመሪያ አንድ መምሪያ ጻፉ። በአማርኛ፣ በገጽ ላይ ገጽ፣ በየመስመሩ «ከዚያ በኋላ» የሚል። እውነት ለመናገር ያን ያህል አማርኛ ጽፈው አያውቁም ነበር፤ ደስታዬ ወሰን አጣ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ግሩም ነው! እግዚአብሔር ያሳድጋችሁ። ምንም አልጎደለውም» አሉ።

ልጆቹ ጨፈሩ። እትዬ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይሄማ ምርቃት እንጂ አስተያየት አይደለም» አለችኝ። «እሳቸው የልጅ ሥራ ፊት ለፊት አይነቅፉም፤ ይሉኝታቸው አይፈቅድላቸውም። አፋቸውን ትተሽ እግራቸውን ተመልከቺ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወላጆች ፈቃድ ተቀብለን፣ አባባን ይዘን የከተማው ባቡር ጣቢያ ሄድን። መስመሮቹ የሚጠሩት በቀለም ነው፤ በቀዩ መስመር መሐል ከተማ ድረስ፣ እዚያ ደረጃ ወርዶ ወደ ቢጫው መቀየር፣ ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል አሌክሳንድሪያ። ልጆቹ በሚገርም ሥነ ሥርዓት ነበር የሄዱት። አንዱ ባርኔጣቸውን ያዘላቸው። አንዷ የባቡር ካርዳቸውን ተቀብላ የመግቢያውን በር ከፈተችላቸው። ወንበር ለማስለቀቅ ሁለት ልጆች ወደ አንድ ጎረምሳ ሄደው በትሕትና አናገሩት። ደረጃው ላይ በግራና በቀኝ ደገፏቸው። «እዚህ ነው አባባ፣ ይነሡ፣ ቀስ ይበሉ።» አንዲት አሜሪካዊት ሴትዮ እያየች ፈገግ አለች። እኔ ራሴ ደረቴ ተነፋ፤ እነዚህን ልጆች ማን አማርኛ አይችሉም አላቸው፣ አልኩ በልቤ።

አሌክሳንድሪያ ስንወጣ እትዬ ጠየቀቻቸው፤ «አባባ፣ ነገ ለብቻዎ ይመጣሉ?»

አባባ ባርኔጣቸውን ከልጁ ተቀበሉ። «እኔማ» አሉ፣ «እንደ ታቦት አጅባችሁኝ መጣሁ። ታቦት ደግሞ መንገዱን አያይም።»

ከዚያ የልጅ ልጃቸው ገብቷት ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ኦ ማይ ጋድ። ሁሉንም እኛ ነን ያደረግነው።»

ልጆቹ በቤታቸው አዛውንት ሲመጣ ተነሡ፣ ዕቃ ተቀበሉ፣ ውሃ አቅርቡ እየተባሉ ነው ያደጉት። ያን ሁሉ በትክክል አደረጉ፤ አባባ ግን የተማሩት ነገር የለም። እኔ ብሆን በዚያች ሰዓት ረጅም ማብራሪያ እሰጥ ነበር። እትዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፤ «ታዲያ ሳታግዟቸው ማገዝ እንዴት ነው?» እና ከባቡር ጣቢያው ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ አወያየቻቸው።

ከዚያ ውይይት ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው ሕግ ነው፤ በሚቀጥለው ጉዞ ሁሉም ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ ከኋላ ይሄዳል፣ መምህራንን ጨምሮ። ሁለተኛው፣ መምሪያው ተጣለ። በባቡር ውስጥ ቆሞ ገጽ የሚያገላብጥ የለም። በምትኩ ልጆቹ ራሳቸው ያነሷቸውን ፎቶዎች በትንንሽ ካርዶች ላይ ለጠፉና በአንድ ቀለበት አሰሩ፤ በእያንዳንዱ ካርድ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ በደማቁ የተጻፈ አጭር አማርኛ። «ቀዩን ይያዙ።» «እዚህ ወርደው ደረጃውን ወደ ታች።» «ወንዝ ያያሉ።» «አውሮፕላን ያያሉ፤ ከዚያ ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ይወርዳሉ።» ስንት ቃል ቆርጠው እንደጣሉ ሳስብ ይገርመኛል። ማሳጠርን ሳስተምር ዓመት ይፈጅብኛል፤ እነሱ ግን «አባባ ቆመው ነው የሚያነቡት» እያሉ እርስ በርሳቸው ተራረሙ።

ያስቸገረው ቢጫው ነበር። በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፣ አረንጓዴውም ከዚያው ይነሣል። አባባ ባቡሩ ላይ የሚጻፈውን የመጨረሻ ጣቢያ ስም ማንበብ አይችሉም። ዝምተኛ የሆነ አንድ ልጅ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ሲያጠና ቆየና «መሰላል ይመስላል» አለ። እውነትም ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ ነው። ካርዱ ላይ ትንሽ መሰላል ሣሉና «ቢጫ ከመሰላል ጋር» ብለው ጻፉ።

በሁለተኛው ጉዞ እጃችንን ከትተን ተከተልናቸው። ከዚያ የሚከብድ ነገር አላየሁም። አባባ ታችኛው የባቡር መሳፈሪያ ላይ ደርሰው በተሳሳተው በኩል ቆሙ። ባቡር መጣ፤ ቢጫ ነው። የልጅ ልጃቸው የሻርፗን ጫፍ ነከሰች። ልጁ ሁሉ ወደ እኔ አየ፤ የእኔም እጅ ከኪሴ ሊወጣ ሲል እትዬ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። በሩ ተከፈተ። አባባ አንድ እግራቸውን አንሥተው ቆሙ፣ ካርዳቸውን አዩ፣ ቀና ብለው የባቡሩን ጽሑፍ አዩ። «መሰላል የለም» አሉ ለራሳቸው። እግራቸውን መለሱ፣ ዞሩ፣ ወደ ማዶ ተሻገሩ። ልጆቹ እጃቸው ኪስ ውስጥ ስለሆነ ማጨብጨብ አልቻሉም፤ ዝም ብለው ዘለሉ።

የሚካኤል ዕለት ጠዋት ልጃቸው ሥራ ከመግባቱ በፊት ጣቢያው ድረስ ሸኛቸው። እኛ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ በሰንጠረዤ መሠረት የንባብ ሰዓት ነው፣ ግን ማንም አላነበበም። ስልኬን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩት። ልጆቹ በየተራ «አሁን ወንዙ ላይ ናቸው»፣ «አሁን አውሮፕላኑ ጋ» ይላሉ። ከገመትነው ሰዓት አለፈ። የልጅ ልጃቸው ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው።

ስልኩ ሲጮህ ሁላችንም ተነሣን።

«አባባ! የት ነዎት?» አለች።

«የት እሆናለሁ? ጠበሉን እየቀመስኩ ነዋ!» ከኋላቸው የሴቶች ሳቅ ይሰማል። «አንድ አረንጓዴ አሳለፍኩ፣ አንድ መሰላል የሌለው አሳለፍኩ፣ ከዚያ መጣ። እህቴ በሩን ስትከፍት ማን አመጣህ ብላ ከኋላዬ ሰው ስትፈልግ ነበር።»

ልጆቹ ጮኹ። በጩኸቱ መሐል ግን የልጅቷ ፊት ተለወጠ። «ሚስ፣ መመለሻውን አልሠራንም!»

እውነቷን ነበር። ካርዶቹም ሰንጠረዤም የሚያልቁት አሌክሳንድሪያ ላይ ነው። ወዲያው ለልጃቸው ደወልኩ፤ እሱም ከሥራ ሲወጣ በመኪና እንደሚያመጣቸው ነግሮኝ ለአባቱ ደወለ። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ደወለልኝና «አልፈልግም አሉኝ። መንገድ አውቃለሁ አሉኝ» አለ። ድምፁ እየሳቀ ይሁን እየተናደደ አልለየሁትም።

ሳይመሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ መውጫው ጋ ተሰበሰብን፤ እኔ፣ እትዬ፣ ልጅቷ፣ ከነዩኒፎርሙ የመጣው አባቷ። አንድ ባቡር መጥቶ ሰው አራገፈ፤ የሉም። ሁለተኛውም። በሦስተኛው፣ ነጭ ባርኔጣ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ ቀስ እያለ ወደ እኛ ወረደ። አባባ በአንድ እጃቸው የፌስታል ዕቃ፣ በሌላው ካርዶቹን ይዘዋል። እኛን ሲያዩ ደነገጡ።

«ምነው ተሰበሰባችሁ? ክፉ ነገር አለ እንዴ?»

«እንዴት መጡ?» አለች የልጅ ልጃቸው።

«ከወረድኩበት ማዶ ቆምኩና ካርዱን ከኋላው ጀመርኩት። አውሮፕላኑ መጣ፣ ወንዙ መጣ፣ ቀዩ መጣ።»

ልጃቸው ወደ በሩ ተንደርድሮ እጁን በበሩ ላይ አሳልፎ ፌስታሉን ሊቀበላቸው ሞከረ። አባባ ፌስታሉን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ተው! ደግሞ አንተም ታቦት ልታደርገኝ ነው?»

ሰውየው እጁን መለሰ። ትንሽ አመነታና ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ፤ ሕጋችንን ልጁ ነግራው መሆን አለበት። አባባ የባቡር ካርዳቸውን ራሳቸው አስነክተው በሩን ከፈቱ፣ ወጡ፣ ፌስታሉን ፈተው ከሚካኤሉ ዳቦ ለእያንዳንዳችን ቆረሱልን።