በጭልፊቷ ዓይን ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብ

ትናንት ብርድ ልብስ ፍለጋ ሣጥኑን ስከፍት ነጩ አንሶላ እጄ ላይ መጣ። ዘርግቼ አራገፍኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ታጥቦም የአዲጋላ አቧራ ሽታ አልለቀቀውም፤ የሞቀ ድንጋይ፣ የዛገ ብረትና የፍየል ሽታ የተቀላቀለበት። ጠርዙ ላይ የአጥር ሽቦ የቀደደው ቦታ አለ። ባለቤቴ ነጭ ክር አልቆባት በቀይ ክር ጠቅማዋለች።

አንሶላው የአልጋ እንዳይመስልህ፤ የሥራ ዕቃ ነበር። ጅጅጋ ውስጥ ፎቶ ቤት ስከፍት ስለ ብርሃን የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም፣ አልፈለግሁምም። ሙሽራዋን ደጃፉ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ባለቤቴ አንሶላውን በሁለት እጇ ወጥራ ፀሐዩን ወደ ፊቷ ትመልሳለች። ያን ጊዜ በሙሽራዋ ዓይን ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ቦግ ትላለች። ያቺ ነጥብ የሌለችበት ፎቶ የሬሳ ፎቶ ነው። ይህን በራሴ ጭንቅላት የደረስኩበት እኔ ነኝ። በኋላ ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች “ይሄማ ትምህርት ቤት ይሰጣል” ሲሉኝ፣ ከእኔ ሰምተው ይሆናል ብያቸዋለሁ።

ከዚያ ስልክ ሁሉ ካሜራ ሆነ። ሰው ስልኩን ወደ ራሱ አዙሮ ፊቱን ማንሳት ሲጀምር ፎቶ ቤቴ ቀዘቀዘ። እኔም ስልክ የማይደርስበትን ፊት አነሳለሁ ብዬ ማልኩ። ባለቤቴ ዘመዶቿ አዲጋላ ነበሩና፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጣሪያ ሥር ጭልፊት እንደምታድር ነገረችኝ። አዲሱ ባቡር በሌላ መስመር መሮጥ ከጀመረ ወዲህ ጣቢያው ለርግቦችና ለእሷ ቀርቶ ነበር። ከቶጎጫሌ ከመጣ አሮጌ ዕቃ መሀል ረጅም ሌንስ ፈልጌ አገኘሁ። የምፈልገው አንድ ፊት ነበር፤ ላባው አንድ በአንድ የሚታይ፣ ዓይኑ እንደ ሙሽራ የሚያይ፣ መስኮቴ ላይ ሰቅዬው መንገደኛው ሁሉ ይህ ሽማግሌ ገና አልሞተም የሚልለት።

ስልሳን አልፌ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ወጣትነቴ ያኔ ነበር።

የጣቢያው ዘበኛ ገና ካሜራውን ሳያይ እጁን አነሳ።

“ጣቢያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።”

“ጣቢያውን አይደለም፣ ወፏን ነው።”

“ወፏ የጣቢያው ናት።”

ባለቤቴ በሶማሊኛ አንድ ነገር አለችው። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ አዘነልኝ፣ በሩን ከፈተ። ምን እንዳለችው ጠየቅኳት።

“ሽማግሌው ጤና የለውም፣ ሐኪም ወፍ ተመልከት ብሎታል አልኩት።”

ያን ቀን ሙሉ አኮረፍኳት። ለነገሩ ኩርፊያዬን ያየልኝ የለም፤ ሁለቱ ሻይ እየጠጡ ሲሳሳቁ ነበር።

ጭልፊቷን ማንሳት እንደ ሰው መስሎኝ ነበር። ፀሐዩ ሲከር አየሩ ከሐዲዱ ላይ እንደ ፈላ ውኃ ይንቀጠቀጣል፤ ምስሉ ሁሉ ይፈሳል። እሷ ደግሞ ጥላ ውስጥ ናት። የጭልፊት ዓይን ጥቁር ነው፤ ጥላ ውስጥ ሲገባ ፊቷ ላይ የተቦረቦረ ጉድጓድ ይመስላል። ካሜራው የእሷን ዓይን ትቶ ከፊቷ ያለውን የዛገ ሽቦ አጥርቶ ያመጣልኛል። በዓለም ላይ እንደዚያ ሽቦ ጥርት ብሎ የተነሳ ሽቦ የለም። ባለቤቴ አንሶላውን ስትዘረጋ ደግሞ ነፋሱ ያንሳዋል፣ ጭልፊቷ ትበራለች፣ እኔም እጮሃለሁ። ወደ ጅጅጋ እንመለሳለን። ደግሞ እንመጣለን። ደግሞ ትበራለች።

በመጨረሻ እንድትለምደው አንሶላውን የታጠበ ልብስ አስመስለን ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ላይ አሰጣነው። ባለቤቴ “ሐሳቡ የእኔ ነው” ትል ነበር። ሐሳቡ ግን የእኔ ነበር። ሽቦው የቀደደውም ያኔ ነው። ጭልፊቷ አንሶላውን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታየው ዋለች። ከሰዓት ባለቤቴ ከአጥሩ ቀስ አድርጋ አንስታ ስትወጥረው አልበረረችም።

“አገጭ ቀና” አልኳት ጭልፊቷን፣ ከልማድ። “ወደዚህ ተመልከቺ። አይዞሽ።”

“አማርኛ አታውቅም እኮ” አለች ባለቤቴ። “የአዲጋላ ልጅ ናት።”

“አንሶላውን ቀና አድርጊው።”

“ክንዴ ሊወድቅ ነው፣ ሰውዬ።”

“ሙሽራ ስናነሳ አይደክምሽም ነበር።”

“ሙሽራዋ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበራ። እኔም ልጅ ነበርኩ።”

ከዚያ በሶማሊኛ፣ ልጅ በምታባብልበት ድምፅ፣ ለጭልፊቷ አንድ ነገር አለቻት። ጭልፊቷ ፊቷን መለሰች። እኔ ማንሻውን ተጫንኩ። ለቅጽበቷ ተዘጋጅቼ ስለነበር ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን ያመልጠው ነበር።

በፀሐዩ የካሜራው መስታወት አልታይ አለን። አንሶላውን ተከናንበን፣ ራስ ለራስ ተጋጥመን አየነው። ከውስጥ ነጭ ብርሃን ነበር፤ የእሷ ትንፋሽ ሻይ ሻይ ይሸታል። የጭልፊቷ ዓይን ጥቁር ነው፣ ጥርት ብሏል፤ መሀሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ነበረች። አጉልቼ ሳየው ነጥቧ ክብ አይደለችም፤ አራት ማዕዘን ናት፣ አንድ ጎኗ ትንሽ የዘመመ።

“ይቺ ምንድን ናት?”

“አንሶላው ነው። አንቺ ነሽ።”

ባለቤቴ ብዙ አየቻት። “ይህችን ብቻ ነው የማክለው?” አለች።

ከዚያ የኮምፒውተሩ ሥራ መጣ። ፎቶሾፕን ማንም አላሳየኝም፤ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ላባው ይጥራ ብዬ ሳበዛበት የዓሣ ቅርፊት ሆነ። የጣቢያውን ግንብ አጥፍቼ በጽጌረዳ ተካሁት። መብራት ሄዶ ያላስቀመጥኩት ሥራ ጠፋ፤ ጠረጴዛውን በቡጢ ስመታ ብርጭቆ ተሰበረ። መብራቱ ሲመጣ እንደገና ጀመርኩ። ለደንበኛ እንደማደርገው፣ ከመንቆሯ በላይ ያለውን ጠባሳ ደምስሼ፣ ፊቷን አለስልሼ፣ በኩራት ባለቤቴን ጠራኋት።

“ሙሽራ አስመሰልካት” አለች። “ርግብ የምትበላ አትመስልም። ጠባሳዋን መልስላት።”

ጠባሳውን መለስኩ። ላባውን ማጥራቱን ተውኩት፣ ጽጌረዳውን አነሳሁ፣ ግንቡ ከነስንጥቁ ተመለሰ። ለነገሩ ልመልሰው አስቤ ነበር። መስኮቱ ላይ የሰቀልኩት ቀን ባጃጆች እየቆሙ ያዩት ነበር። ባለቤቴ መንገድ ተሻግራ ከዚያ ማዶ አየችው። አሁንም አራት ማዕዘኗን እየፈለገች እንደነበር ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላረዝምብህም። ታመመች። ከጅጅጋ ሐረር፣ ከሐረር ጅጅጋ ተመላለስን። አሁን ሽንሌ ከእናቷ መቃብር አጠገብ ናት። ፎቶዋን ስጠኝ ያለኝ ዘመድ ሁሉ ይገረማል፤ ለመታወቂያ ከተነሳችው በቀር የለኝም። የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ያነሳሁ ሰው። አንሶላ የያዘ ሰው ፎቶ ውስጥ አይገባም፤ ሥራው እንደዚያ ነው።

በቅርቡ አንድ የቢሮ ሰው መጣ። አዲስ አዳራሽ እየሠሩ ኖሯል፤ ጭልፊቷን ግድግዳ የሚያክል አድርገው መግቢያው ላይ ሊሰቅሏት ፈለጉ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነበር። ስሜ ከሥር ይጻፋል አለኝ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አሳየሁት።

“ግሩም ነው፣ አባባ” አለ። “ግን ዓይኗ ላይ ያለችው ነጭ ነገር ሞራ ያለባት አስመስላታለች። እሷን ያጥፉልኝ።”

ብርሃን ነው አልኩት። ያለ እሷ ዓይኑ ይሞታል አልኩት። ሙሽሮቹን፣ ደጃፉን፣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር።

“ይገባኛል፣ አባባ። አለቆቼ ግን እንከን እንዳይኖረው ብለዋል። ለእርስዎ ምን አላት? የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት።”

ደቂቃም አትፈጅ። የማጥፊያዋን ክብ ነጥቧ ላይ አመጣሁ፤ በልክ ሸፈነቻት። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። ከስንት ሺህ ፊት ላይ ብጉር፣ ጠባሳ፣ እንባ ያነሳሁበት ጣቴ ነው።

“አላውቅበትም” አልኩት።

ሳቀ። “እርስዎ? ከተማው ሁሉ በዚህ ሥራ ከእርስዎ በላይ የለም ይላል።”

“አላውቅበትም አልኩህ፣ ልጄ። ሌላ የሚያውቅ ፈልግ።”

አዳራሹ ተመረቀ። በዚያ በኩል ሳልፍ አየሁት፤ ከኢንተርኔት የወረደ ንስር ሰቅለዋል። ከኋላው በረዶ አለ። ጅጅጋ መሀል፣ በዚህ ፀሐይ፣ በረዶ። ዓይኑ ጥቁር፣ ባዶ። ከሥሩ የማንም ስም የለም። እስከ ቤቴ ድረስ ከራሴ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ሄድኩ።

ትናንት አንሶላውን መልሼ ላስቀምጠው አልኩ። እንዲህ ያለ ትልቅ አንሶላ ማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱን ጫፍ የበሩ እጀታ ላይ ቋጥሬ፣ ሌላውን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ አረፈበትና ክፍሉ ወገግ አለ። መሀሉ ግን ረግቦ መሬት ነካ።

“ቀና አድርጊው” አልኩ፣ ከልማድ።