ከዶሮዋ ሆድ የቀረ ዳኝነት

ከጦርነቱ ሸሽተን ከርመን ወደ መርሳ የተመለስን ቀን ቤቴ ባዶውን ጠበቀኝ። ድስቱም ብርድ ልብሱም የለም። ከጥጉ ግን አንዲት ዶሮ ተኝታለች፤ እንዴት ሳይበሏት እንደተረፈች አላህ ይወቅ። ብድግ ባደርጋት ከሥሯ የምርጫ ካርዴ! በክረምቱ መግቢያ፣ ሳንሸሽ፣ የመረጥኩበት ነው። ብቻዬን ስስቅ ስስቅ እንባዬ መጣ። የልጅነት ጓደኛዬ ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

ልጆች ሳለን ያን ጊዜም ጦርነት ነበር፤ የእኛ አገር ሰው መቼ አርፎ ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ወታደር ሰፍሮበት፣ እኛ ሴቶቹ ከማሽላ ማሳ ወፍ ስንጠብቅ እንውላለን። የእሸቱ ጠረን፣ የወንጭፉ ጭቃ ከእጃችን አይለቅም። ሰባት ነበርን። ማሳው የአክስቴ የጦይባ ነው፤ ባሏን ለጦርነት ወስደውባት ከአራት ልጆች ጋር የቀረች። ከዚያ ማሽላ ሌላ የዓመት ጉርስ አልነበራትም።

ማን ማማ ላይ ይውጣ፣ ማን ውሃ ይቅዳ እያልን ስንጣላ ጊዜ ዳኛ እንምረጥ ተባባልን። ምርጫ ከቀበሌ ስብሰባ አይተናል። አያቴ እዚያ ሁልጊዜ እጃቸውን ያወጡ ነበር፤ ቤት ሲገቡ ግን የተመረጠውን ሲረግሙ ያመሻሉ። አንድ ቀን "ታዲያ አባባ፣ ለምን መረጡት?" ብላቸው፣ "እኔ መች መረጥኩት፤ ብብቴን ንፋስ ላስመታ ብዬ ነው" አሉኝ።

ስለዚህ የእጁን ነገር አላመንነውም። በማሽላ ፍሬ አደረግነው፤ ለእኔ ነጭ፣ ለዘይነባ ቀይ። ሁላችን አንድ አንድ ፍሬ ከቅል ጣልን። ሰፌድ ላይ ሲገለበጥ አምስት ነጭ፣ ሁለት ቀይ። አንዱ ነጭ የእኔው ነው፤ ቢሆንስ! ለራሴው እልል ብዬ ስጨፍር የአክስቴ ዶሮ መጥታ ነጩንም ቀዩንም ለቃቅማ ዋጠችው።

"በይ ዘይነባ፣ ማማው ላይ ውጪ" አልኳት።

"ማን ብሎሽ?"

"ተመርጬ ነዋ!"

"ዳኝነትሽ ከዶሮዋ ሆድ ነው እቴ። ስትጥለው ነይ።"

ሌሎቹ ከት ብለው ስቀው ከዛፉ ጥላ ተጋደሙ፤ የመረጡኝም ጭምር! እኔ "አምስት ነው! አምስት ነው!" እያልኩ ስጮህ የግሪሳ ወፉ ከሐራ በኩል እንደ ደመና መጣ። ማሳው ላይ ሲወርድ ድምፁ ዝናብ ነው የሚመስል። እኔ አሁንም "ተመርጫለሁ" እላለሁ። ዘይነባ ብድግ ብላ ጅራፏን አጮኸች።

"እናንተ በወንዙ! እናንተ ከላይ! አንቺ ዳኛዋ፣ ቆርቆሮውን ደብድቢ!"

ማን ብሎሽ ያላት የለም። ዳኛዋም ቆርቆሮዋን ይዛ ሮጠች። ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸን፣ ማሽላው ከጥጋጥጉ በቀር ተረፈ። አክስቴ ጦይባ እያለከለከች ደርሳ "ዳኛችሁ ማናት?" ብትል ወደ ዘይነባ ጠቆምኩ። አፌ እንቢ ቢል ጣቴ እውነቱን ተናገረ።

በማግስቱ ዘይነባ ትኩስ እንቁላል በሻሿ ጫፍ ቋጥራ መጣች።

"እንኪ፣ ጥላዋለች። እኔ ቀይ ነው የጣልኩት፤ ትናንት ግን አምስት ነው ስትይ አልዋሸሽም። በይ አሁን የት ልውጣ?"

እኔም አፍሬ "ማማው ላይ ውጪ፤ ውሃውን እኔ እቀዳለሁ" አልኳት። ወጣች። እንቁላሉን ቀቅለን ለሰባት ተካፈልነው፤ የደረሰኝ ምላሴን እንኳ አላረጠበም። ዳኛ መሆኔን ያወቅኩት ግን አምስት ፍሬ የቆጠርኩ ቀን ሳይሆን ያን ቀን ነው።

ዘይነባ ዛሬ መርሳ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። በቅርቡ ጦርነት የመረጥናቸውም እንደኛው የመሸሻ መንገድ ሲጠይቁ፣ ያልመረጥናቸው ጠመንጃ ይዘው ሲመጡ፣ "እናንተ በዚህ! እናንተ በዚያ!" ብላ ሰፈሩን በእግር ያወጣችው እሷ ናት። ያን ለታም ማን ብሎሽ ያላት የለም።

ምርጫ ሲባል ግን ዛሬም እሄዳለሁ። አያቴ ያተረፉት የብብት ንፋስ ነው፤ እኔ ቢያንስ ፍሬዬን ራሴ እጥላለሁ። ካርዱንም ጠርጌ አስቀምጬዋለሁ፤ የዶሮዋ ምልክት አልለቅ ብሎ ነው እንጂ። ዘይነባ ታዲያ ገበያ ባገኘችኝ ቁጥር ሽንኩርቷን እየመዘነች፣ "እህሳ፣ ጣለችልሽ?" ትለኛለች።

"ማስካካቷስ ደህና ይሰማል" እላታለሁ፤ "እንቁላሉን ገና አላየሁም።"