አብራሪው ቤቱ ገባ ወይ?

መብራት ጠፍቶ የኮምፒውተር ባትሪ «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ» እያለ ሲጮህ ሌላው ሰው ይራገማል፣ እኔን ግን ግራ እግሬን ይበላኛል። ይኼን ያህል ዓመት አልፎ፣ ጠጉሬ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ሆዴ ከኔ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ሆኜ እንኳ፣ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሞጣ፣ አጎቴ ጽሕፈት ቤት ጓዳ ውስጥ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ፣ ጣቶቼን ኪቦርድ ላይ ተክዬ፣ ማረፊያ የጠፋው አውሮፕላን ይዤ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

ስሜ ይበልጣል ነው፤ ያወጣልኝ አባቴ የሚያውቀውን ያውቃል። ያን ጊዜ ከቢቸና እስከ ሞጣ አውሮፕላን በወጉ ማሳረፍ የሚችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ይኼን የምለው ለጉራ አይደለም፣ ለመረጃ ነው።

ቢቸና ተወልጄ ቢቸና ነው ያደግሁት። አባቴ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነበር። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ «ከአጎትህ ዘንድ ሂድና ጣትህን ሥራ አስለምደው» ብሎ፣ እህል በጫነ መኪና ላይ አሳፍሮ ወደ ሞጣ ላከኝ። የእናቴ ወንድም ጋሽ ምናለ እዚያ ማመልከቻ የሚተየብበትና ፎቶ ኮፒ የሚነሣበት ቤት ነበረው። ሁለት ኮምፒውተር ነበሩት፤ በአንዱ የሺ የምትባል ምላሰኛ ጸሐፊው ስትተይብበት ትውላለች፣ ሌላው ከባሕር ዳር የተገዛ አሮጌ ሆኖ ጓዳ ውስጥ ሠልጣኝ ይጠብቅ ነበር። በደረስኩ በማግስቱ የቴሌቪዥን አንቴና ላስተካክል ብዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አንቴናው ተስተካከለ፣ ይኼን ማንም አይክደኝም። ስወርድ ነው መሰላሉን ትቼ የወረድኩት።

አቶ ቢተው የሚባሉ ወጌሻ ተጠርተው መጡና፣ እኔ እየጮህኩ እሳቸው እየሳቁ የተሰበረውን የግራ እግሬን አጥንት ገጥመው፣ የቀርቀሃ ስንጥር ዙሪያውን ደርድረው በጨርቅ ጠፈሩት። «እግርህን መሬት ብታስነካ፣ መኪና ላይ ወጥተህ ብትንገጫገጭ፣ ዕድሜ ልክህን ታነክሳለህ» አሉኝ። ከዚያም እርሻቸው ከወንዙ ማዶ ነውና ክረምቱን ሊያርሱ ሄዱ። በኛ አገር ወጌሻ የሌላ ወጌሻ እስር አይፈታም፤ ያሰረው ራሱ መጥቶ እስኪፈታ ትጠብቃለህ። ወንዙ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሞላ። እኔም የሞጣ እስረኛ ሆንኩ ማለት ነው፤ በላዬ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣ ከፊቴ አንዲት ጠባብ መስኮት፣ ከመስኮቷ ውጭ ጭቃ።

ሐምሌ እንዲህ ገባ። ጋሽ ምናለ ሲያዝንልኝ ሠልጣኝ ያልመጣለትን ኮምፒውተር ከፈተልኝ፤ አብሮት የተገዛ አንድ ሲዲ ነበር፣ የፈረንጆች የድሮ ጦርነት የአውሮፕላን ውጊያ ጨዋታ። መጀመሪያ በቀላሉ በኩል ስንጫወት ጥይት አያልቅም፣ ነዳጅ አይጎድልም፣ ተራራ ብትገጭ እንደ ኳስ ነጥረህ ትመለሳለህ። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሁሉ ጉዳዩን ረስቶ ጓዳ እየገባ፣ ሰማዩን በጥይት ወንፊት አድርጎ፣ ደስ ብሎት ይወጣ ነበር። እኔ ግን ቶሎ ሰለቸኝ፤ የማትሞትበት ውጊያ ምኑ ውጊያ ነው? የአጎቴን መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ የምርጫውን ገጽ ቃል በቃል እየፈታሁ፣ «እንደ እውነቱ ይሁን» የሚለውን ሁሉ አንድ ባንድ አበራሁት።

ያን ጊዜ ጨዋታው ያልተገራ በቅሎ ሆነ። አፍንጫውን ከልክ በላይ ቀና ካደረግህ ክንፉ አየር ያጣና እንደ ድንጋይ ትወርዳለህ፤ ነፋሱ ይገፋሃል፣ ጥይትህ ገና ሳትጠግብ ያልቃል። ከሁሉ የባሰው መንገዱ ነው፤ ከተነሣህበት እስከ ውጊያው የእውነተኛ አውሮፕላን ያህል ጊዜ ይፈጅና፣ ከደመና በስተቀር ምንም ሳታይ፣ ሞተሩ እየጎረመረመ ትቀመጣለህ። ያ ሁሉ ደንበኛ ጥሎኝ ጠፋ። ደህና እግር ያለው ሰው መች ይቀመጥና! እኔ ግን ቀበቶ ታጥቆ፣ በመስታወት ተከቦ፣ አገሩን ሁሉ እያየ አንዲት ጋት መርገጥ የማይችለውን ያን አብራሪ ከማንም በላይ ተረዳሁት። እሱም እንደኔው ነበር፣ ልዩነታችን እሱን ሲያሳክከው አለማየቴ ነው።

የሺ ከወዲያ እየተየበች ትለክፈኛለች፤ «አንተ አብራሪ! ቢቸና ላይ ስትደርስ ለእናትህ እጅህን አውለብልብላት!»

እስቃለሁ፣ ስቄ ስጨርስ ግን በዚያች ጠባብ መስኮት የቢቸናን መንገድ እፈልግ ነበር።

የጨዋታው ሠሪዎች ነፋሱንም ነዳጁንም አስበውበታል፣ የሞጣን ክረምት ግን አላሰቡትም። መብራቱ እልም ሲል ባትሪው «ጢጥ» ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ቶሎ ካላሳረፍክ አብራሪውም አውሮፕላኑም በጨለማ ይዋጣሉ፣ የዋልክበት ሁሉ ከንቱ ነው። ስንት ጊዜ ማኮብኮቢያው እየታየኝ ጠፋሁ!

ነሐሴ ላይ ደግሞ ሌላ ፍዳ መጣ። ከጠላት አገር በላይ ስትመታ በጃንጥላ ትወርዳለህ፣ ስትወርድ አንዲት ጥቁርና ነጭ ሥዕል ትወጣለች፤ እጁን ያነሣ ሰው፣ ከሥሩም አንዲት ቃል። መዝገበ ቃላቱን ባይ «የተማረከ» ይላል። ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። ያን ወር እየወጣሁ እማረክ፣ እየተማረክሁ እወጣ ነበር።

እግሬ ሕመሙን ትቷል፣ አዲስ ዓመት እየመጣ ነው፣ ታናሽ እህቴ አበባ ይዛ ስትዞር ይታየኛል፣ ወንዙ ግን እንደሞላ ነው። በልቤ መከርኩ፤ እስሩን በመቀስ ቆርጬ፣ ወደ ቢቸና የሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ለመንጠልጠል።

«የሺዬ፣ እስኪ መቀስሽን አውሺኝ» አልኳት።

«ለምንህ?»

«ጥፍሬን ልቆርጥ።»

«የእጅህን ነው ወይስ የታሰረውን እግርህን?» ብላ መቀሱን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምራ ምሳ ስትወጣ እንኳ ይዛው ትወጣ ነበር። እኔም የሽንኩርት ቢላዋውን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

እንዲህ ስፈልግ ነው አባቴ እናቴ የቋጠረችውን በሶ ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ከተፍ ያለው። እኔ ሰማይ ላይ ነበርኩ። ግንባሬን ሳመና አጠገቤ ተቀመጠ፤ እኔም ልጁ ምን ያህል ጀግና እንደሆነ እንዲያይ ብዬ አንዱን ጠላት ሳሳድድ ሌላው ከኋላዬ መታኝ። ጃንጥላው ተዘረጋ፣ ያቺ ሥዕል ወጣች።

«ምን ይላል?» አለ አባቴ።

«ተማረከ ነው የሚለው» አለ ጋሽ ምናለ፣ አለና ደንገጥ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ።

አባቴ በድሮው የሰሜን ጦርነት ወታደር እንደነበር፣ ተማርኮም እንደነበር ቤታችን ሁሉ ያውቃል፤ የሚያወራው ግን አልነበረም። ሥዕሉን ቆይቶ ቆይቶ አየና «እሺ፣ ከዚያስ? ቤቱ ገባ ወይ?» አለኝ።

«አያሳይም አባዬ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።»

«እዚያ ላይማ አያልቅም» አለ። «ዋናው ገና ከዚያ ነው የሚጀምረው።»

የሺ መተየቧን አቆመች። እኔ ግን የራሴው ብሶኝ «አባዬ ውሰደኝ፣ እግሬ ድኗል፣ እስሩን በጥሰውና ውሰደኝ» ብዬ እጁን ያዝኩት። እጁን ሳያስለቅቀኝ፣ ዓይኑን ከዚያች ሥዕል ሳያነሣ ተናገረ።

«እኔም ቁርጭምጭሚቴን ተመትቼ አንድ ክረምት እንዲህ ተቀምጫለሁ። አንድ የደብረ ወርቅ ልጅ አብሮኝ ነበር፣ እግሩ እንደኔው። እናቱ ናፈቀችውና እግሩ ሳይጸና ተነሥቶ ሄደ። እኔ ጠበቅሁ። እግሬ ሲችለኝ፣ የማረኩንም ሲለቁን፣ በእግሬ ቢቸና ገባሁ።»

«እሱስ?»

«እናቱ ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ስለሱ እኔን ትጠይቀኛለች» አለ። ከዚያ የታሰረውን እግሬን በመዳፉ ዳሰሰው። «ያልዳነ እግር ቤት አያደርስም፣ ልጄ።»

ጋሽ ምናለ በማግስቱ መኪና እንዳገኘለት ሲነግረው «በዝናብ እንጨቱ አይደርቅልኝም፣ ምን ሥራ አለኝ» ብሎ ቀረ። እንጨቱ ሰበብ እንደነበር ያኔም ገብቶኛል። ቢላዋውን መፈለግ ተውኩ። አባቴ ጓዳው ወለል ላይ ቆዳ አንጥፎ እየተኛ፣ ቀን ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ኋላዬን ይጠብቅልኝ ነበር፤ ጠላት ሲመጣ «ከኋላህ! ከኋላህ!» እያለ ሲጮህ ማመልከቻ አስጻፊው ሁሉ ዞሮ ኋላውን ያያል። ጥይት ስተኩስ ደስ አይለውም፤ ፊቱ የሚፈካው ስመለስ ነው። አንድ ቀን ውጊያውን ጨርሼ፣ ክንፌ ተበሳስቶ ስመለስ፣ መብራቱ እልም አለና ባትሪው «ጢጥ» ማለት ጀመረ። አባቴ ትከሻዬን ያዘ። «ቀስ፣ አትሩጥ» አለኝ። ጎማውን አወጣሁ፣ ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ጢጥታው እየፈጠነ አስፋልቱን ነካሁት፤ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ስክሪኑ ጨለመ።

«ገባ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። የሺ እንኳ እልል ብላለች፤ ዛሬ ብትጠየቅ ትክዳለች።

መስከረም ጠብቶ፣ ወንዙ ጎድሎ፣ አቶ ቢተው ማዶውን ተሻግረው መጡና እስሩን ፈቱት። እግሬ ቀጥኖና ነጥቶ የሰው እግር መስሎኝ ነበር። አባቴ ሁለት እጄን ይዞ እንደ ሕፃን አራመደኝ፤ ለመስቀል አደይ በፈነዳበት መንገድ፣ ጭነት መኪና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቢቸና ገባን። አላነክስም። ያላመነ መጥቶ ይሽቀዳደመኝ፣ ሆዴን ብቻ አይቁጠርብኝ።

ዛሬ ቢቸና ላይ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለኝ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ያቺ ጓዳ ናት ያስተማረችኝ። የልጄ ጨዋታ ከኔው ጋር አይወዳደርም፤ ዝናቡ የአውሮፕላኑ መስታወት ላይ ሲንጠባጠብ ታያለህ፣ የደመናው ጥላ መሬት ላይ ይሄዳል። እውነት ይመስላል። ልጄ ግን ሲመታ ወድቆ እንኳ አይጨርስም፣ አንዲት ቁልፍ ይነካና እንደገና ይነሣል። አባቴ አሁን ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ሱቄ ጥግ ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ ይውላል፤ ያኔ እኔ ነበርኩ የማልንቀሳቀሰው፣ ዛሬ ተራው የሱ ሆነ። እሱም የልጅ ልጁን ትከሻ በምርኩዙ ነካ ያደርግና «ያ ሰውዬስ? ቤቱ ገባ?» ይለዋል።

«አያቴ፣ አዲስ ጀመርኩ እኮ!» ይለዋል ልጁ።

ይኼ መልስ አያጠግበውም፤ ቁጭ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ሲመሽ፣ ልጁ ሲወጣ፣ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት ወንበሩን ስቤ እቀመጥና አንድ አውሮፕላን አስነሣለሁ። አንድም ጥይት ሳልተኩስ፣ ያን ሁሉ ደመና አልፌ፣ ቀስ ብዬ፣ ሳልሮጥ፣ ማኮብኮቢያው ላይ አሳርፌ ሞተሩን አጠፋለሁ።

«ገባ፣ አባዬ» እለዋለሁ።

ያን ጊዜ ምርኩዙን ያነሣል፣ እኔም ክንዱን እይዘዋለሁ፣ ቀስ እያልን ወደ ቤት እንሄዳለን።