ተራውን የማይጠብቅ መሬት

የባለቤቴ አባት ሰዓት ማንበብ አያውቁም፤ ዘመን በመቁጠር ግን የሚቀድማቸው አልነበረም። በቦረና የገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይዞራል። አባት የያዘው ሥልጣን አርባ ዓመት ሲሞላ ለልጁ ይደርሳል፤ በአባት ዘመን የሆነው፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በልጅ ዘመን ይደገማል ይላሉ። እሳቸው ጎረምሳ ሳሉ መሬት ተንቀጥቅጦ የጎሳቸው ኤላ ታላቅ ወንድማቸውን እንደያዘ ተደርምሷል። ያ ዘመን ዞሮ ሲመጣ ልጃቸውን፣ ማለትም ባለቤቴን፣ ኤላው ውስጥ እንዳይገባ ከለከሉት።

ኤላ ወንዶች ከውኃው እስከ አፉ ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ የሚቀባበሉበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ሰልፉ ውስጥ ያልቆመ ቤት ከብቶቼን ላጠጣ ለማለት አፍ የለውም። እኛ የምንኖረው ነጌሌ ነው። እኔ የወታደር ልጅ ነኝ፤ ጦር ሰፈሩ አጠገብ አድጌ እዚያው ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ግን በየበጋው እየወረደ የቤታቸውን ቦታ ይይዝ ነበር። እሱ ሲከለከል ከብቶቹ ሩቅ ውኃ ፍለጋ ተነዱ፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። አባትህ ከብቱን በካላንደር ጨረሱት ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

ዘመኑ ሊያበቃ ሲል፣ እኛም እሳቸው መንደር ሳለን፣ መሬቱ ነቀነቀን። ኩባያዎቹ ተንጫጩ፣ ፍየሎቹ ጮኹ፣ አለቀ። ከመንደሩ ጀርባ ባለው ሸንተረር ግርጌ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ ተገኘች። ሽማግሌው በደስታ አለቀሱ። ተራው ደረሰ፣ በትንሹም አለፈ አሉ። በግ አርደው ልጃቸውን ራሳቸው እስከ ኤላው አፍ ሸኙት።

የማስተምርበት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ቀጠሮ የለውም ይላል። አንዴ ለዘመናት ይተኛል፣ አንዴ በላይ በላዩ ይነሳል፤ ዛሬ ጣት ያህል ቢንሸራተት ነገ የሰው ቁመት ሊሆን ይችላል። ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ታዲያ እስከ መቼ ልቀመጥ?» አለኝ።

እስከ መቼ እንደሆነ መጽሐፉም አያውቅም።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሚቀጥለው በጋ፣ አንድ ረፋድ፣ ዘፈኑ ከኤላው እየወጣ ሳለ መሬት ተንቀጥቅጦ ሸንተረሩ ተንሸራተተ። እኔ ከብቶቹ የሚጠጡበት ገንዳ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ራሴን ሳውቅ መሬት ላይ ነኝ። አቧራው ሲበርድ ያቺ ስንጥቅ ጥጃ የምትውጥ ሆና፣ ኤላው ተደርምሶ ነበር። ከላይ የቆሙት ወጡ። ባለቤቴ የቆመው ከታች፣ ውኃው ላይ ነበር፤ እዚያ የሚያቆሙት ጠንካራውን ነው። ወንዶቹ ሲቆፍሩ ሰነበቱ፣ እኔም ስሙን እየጠራሁ ሰነበትኩ። ሬሳውን አገኘን።

ከቀብሩ በኋላ አባቱ ነጌሌ ድረስ መጡ። ልማድ ሆኖባቸው «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ አሉና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ የምታስተምሪው ይሄንኑ የመሬት ነገር አይደል? መቼ ነው የሚመለሰው?» አሉኝ።

«አይታወቅም አባ። ነገም ሊሆን ይችላል፣ የልጅ ልጅዎ አርጅቶም ሊሆን ይችላል።»

«ምን ያህል ነው የሚመጣው?»

«እሱም አይታወቅም።»

ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም። እንድዋሻቸው የፈለጉ ይመስለኛል፤ ውሸት ቢኖረኝ እሰጣቸው ነበር።

«ክፉ ነገር እንኳ ቀን ሲኖረው ደግ ነው» አሉ።

ኤላው እንደገና ተቆፍሯል፤ ሌላ ውኃ የለም። ልጄ አድጓል፣ ዘንድሮ የቤታችንን ቦታ የያዘው እሱ ነው። እንዳይገባ የምከለክልበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። አባ ልከልክለው ቢሉ እስከ መቼ ሊሉት ነው? ድሮ ዘመን ቆጥረው ይናገሩ የነበሩት ሰው አሁን ገንዳው ዳር ከጎኔ ተቀምጠው ዘፈኑን ያዳምጣሉ። ከታች ያሉት ትንፋሽ ሊሰበስቡ ዘፈኑን ባቋረጡ ቁጥር ሁለታችንም እንነሳለን።